ሳይቃጠል በቅጠል
ቤትን ከሐራጅ ስለ ማዳን

ጋዜጣ ከፊት ገጹ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ብዙ ዓይን የማያርፍበት አንድ ገጽ ያገኛል፤ ይኸውም የሐራጅ ማስታወቂያ የሚወጣበት ገጽ ነው። በሰንጠረዥ ተከፋፍሎ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ ቤቱ የሚገኝበት ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የቤቱ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የይዞታ ማረጋገጫው ቁጥር፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል። ከሰንጠረዡም በታች ተጫራቾች የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ አስይዘው እንዲቀርቡ ይነገራል። ጽሑፉ ደረቅ ነው። ነገር ግን ከመሥመሮቹ ብዙዎቹ ሰዎች የሚኖሩባቸው ቤቶች ናቸው፤ ልጆች ያደጉባቸው፣ ሠርግ የተደገሰባቸው፣ እናት ቡና የምታፈላባቸው ቤቶች ናቸው።

ያ መሥመር በጋዜጣ ላይ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ወራት አልፈዋል። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ያጎደለበት ቀን ነበረ፤ የባንኩ የመጀመሪያ ስልክ የተደወለበት ቀን ነበረ፤ ደብዳቤ የመጣበት፣ ደብዳቤውም ሳይመለስለት መሳቢያ ውስጥ የተከተተበት ቀን ነበረ። በእነዚያ ወራት ውስጥ ምን ሊደረግ ይቻል ነበር? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ይህንን ነው። የምንደርስበትንም አሳብ ከወዲሁ ለመግለጥ ያህል፣ ቤትን ከሐራጅ የሚያድነው ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜ ነው፤ ጊዜንም የሚበላው ዝምታ ነው ብለን እናምናለን።

ተማሪውና በቅርቡ ሥራ የያዘው ወጣት ይህን ሲያነቡ «ቤት ለሌለው ሰው የቤት ዕዳ ምኑ ነው?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ ደርሶት፣ የዋጋውን ከፊል ከቁጠባው ከፍሎ፣ የቀረውን ከባንክ ተበድሮ በየወሩ የሚከፍል ወጣት ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። ከዚህም በቀር በብዙ ቤት የባንክ ደብዳቤ ሲመጣ «እስቲ ይህን አንብብልኝ ልጄ» ተብሎ የሚሰጠው ለተማረው ልጅ ነው። ያ ልጅ የነገሩን ሥርዓት ካላወቀ ቃላቱን አንብቦ ትርጉሙን ሳያደርስ ይቀራል። አባትም «የባንክ ነገር እንዲህ ነው» ብለው ደብዳቤውን አጣጥፈው ያስቀምጡታል። ሠላሳው ቀን ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቆጠር ይዟል።

ወለድ አገድና የዛሬው መያዣ

በንብረት ተማምኖ መበደር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ልማድ «ወለድ አገድ» የሚባል ውል ነበረ። ገንዘብ የቸገረው ሰው መሬቱን ወይም ቤቱን ለአበዳሪው ይለቅለታል፤ አበዳሪውም በወለዱ ፈንታ መሬቱን ሲያርስ፣ በቤቱ ሲኖርበት ወይም ሲያከራየው ይቆያል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት ንብረቱን ይመልሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ልማድ አልጣለውም፤ ከማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ቀጥሎ የራሱን ስፍራ ሰጥቶታል።

የወለድ አገድ ባለዕዳ ዕዳውን በየቀኑ ያየው ነበር፤ በገዛ ቤቱ ሌላ ሰው ሲገባና ሲወጣ ይመለከታልና። የዛሬው የባንክ መያዣ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተበዳሪው በቤቱ ይኖራል፤ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል፤ እንግዳ ይቀበላል። መያዣው የሚገኘው በመዝገብ ላይ ስለ ሆነ በበሩ ላይ ምልክቱ አይታይም። ይህ ለባለቤቱ ታላቅ ምቾት ነው፤ ነገር ግን ያዘናጋል። በቤቱ የሚኖር ሰው ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእርሱ የሆነ ይመስለዋል።

ለቤት መሥሪያና መግዣ የሚያበድሩ ባንኮችም በአገራችን ከቆዩ ዘመን አልፏል። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ በ1968 ዓ.ም. ተቋቁሞ ለብዙ ጊዜ በዚህ ሥራ ይታወቅ ነበር፤ ኋላም የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጎህ ቤቶች ባንክ በቤት ብድር ላይ ያተኮረ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ብድሩ እየሰፋ ሲሄድ ከብድሩ ጋር የሚመጣውም ጣጣ እየሰፋ መሄዱ የማይቀር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3060 ለተበዳሪው ጠንካራ ጋሻ ሰጥቶት ነበር። ዕዳው በጊዜው ባይከፈል አበዳሪው በሕግ የተመለከተውን ሥርዓት ሳይከተል ቤቱን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ስለዚህ አበዳሪው ሁሉ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ፣ መክሰስ፣ ፍርድ ማግኘትና በአፈጻጸም ማስሸጥ ነበረበት።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን ለባንኮች የተለየ መንገድ ከፈተ። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንኩና ተበዳሪው አስቀድመው በውል ከተስማሙ፣ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ለመሸጥና ስመ ሀብቱን ለገዢው ለማዛወር ይችላል። በሁለተኛውም ሐራጅ ገዢ ካልተገኘ ባንኩ ራሱ ንብረቱን ለመጀመሪያው ሐራጅ በተቀመጠው መነሻ ዋጋ ሊረከበው እንደሚችል ይኸው አዋጅና በ1992 ዓ.ም. ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 216/1992 ያመለክታሉ።

የዚህ አዋጅ ምክንያት ሊገባን ይገባል። ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ የራሱ ብቻ አይደለም፤ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው ያስቀመጡት ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ በፍርድ ቤት ቀጠሮ ለዓመታት ታስሮ ቢቀር የሚጎዳው አስቀማጩ ነው። እንዲህም ሆኖ ባንኩ እንደ ፈለገ እንዲሠራ አልተለቀቀም። ሐራጁን ሲያካሂድ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሐራጅ ደንቦች መከተል አለበት፤ ሥርዓቱን ጥሶ በተበዳሪው ላይ ጉዳት ቢያደርስ በኀላፊነት ይጠየቃል። ከሽያጩ ገንዘብ ዕዳው፣ ወለዱና ወጪው ተነሥቶ የሚተርፈው ለባለቤቱ ይመለሳል። የጎደለ እንደሆነ ግን ተበዳሪው ከቀሪው ዕዳ ነጻ አይወጣም።

ከዚህ ሁሉ አንባቢው ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የውሉን ወረቀት በፈረመበት ቀን ተበዳሪው የፍርድ ቤቱን ረጅም መንገድ በሠላሳ ቀን ለውጦታል። ሠላሳ ቀን ደግሞ አንድ የደመወዝ ወር ነው። በአንድ ደመወዝ የብዙ ወር ውዝፍ ሊከፈል አይችልም። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ የሚጀምር ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ዓይነት ይሆናል።

ከማስጠንቀቂያው በፊት ያሉት ቀኖች

አቶ እገሌ የሚባል አንድ ሠራተኛ አለ እንበል። ባለቤቱ ታመመችና የሕክምናው ወጪ ደመወዙን በላበት። የመጀመሪያውን ወር ሳይከፍል ቀረ። «በሚቀጥለው ወር ሁለቱን ባንድነት እከፍላለሁ» አለ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ወር እንኳ ለመክፈል አቃተው። ከባንኩ ሲደወልለት ስልኩን አላነሣም፤ አፍሮ ነው። በባንኩ ቅርንጫፍ በኩል ማለፍ ትቶ በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ። ለባለቤቱም አልነገራትም፤ በሕመሟ ላይ ጭንቀት እንዳይጨምርባት ብሎ ነው። አቶ እገሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ገንዘብ አባካኝም አይደለም። ይሉኝታ የያዘው ሰው ነው። ይሉኝታ በጎረቤትና በዘመድ መካከል ብዙ ጠብ ያስቀረ የአገራችን ጠባይ መሆኑን እናውቃለን። በዕዳ ጉዳይ ግን ይሉኝታ የባለዕዳው ጠላት ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

በባንክ አሠራር ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን 90 ቀን ያለፈው ብድር ከጤናማ ብድሮች መዝገብ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ባንኩ ሊደርስበት ለሚችለው ኪሣራ መጠባበቂያ መያዝ ይገደዳል፤ ብድሩ ተበላሽቷል ተብሎም ለበላይ ይገለጻል። እንግዲህ ከ90ው ቀን በፊት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ፍላጎትና የተበዳሪው ፍላጎት አንድ ነው፤ ሁለቱም ብድሩ እንዳይበላሽ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ግን ፋይሉ ከሚያውቁት ሰው እጅ ወጥቶ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሕግ ክፍልም ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር የአንድ ሰዓት ንግግር የሚጨርሰውን ጉዳይ በስድስተኛው ወር ብዙ ምልጃ አይጨርሰውም።

ስለዚህ መክፈል እንደማይቻል የታወቀ ዕለት፣ የክፍያው ቀን እንኳ ሳይደርስ ወደ ባንኩ መሄድ ይገባል። ሲሄዱም ባዶ እጅን አይደለም። ችግሩን በአጭሩ የሚገልጽ ማመልከቻ፣ ችግሩን የሚያስረዳ ማስረጃ ማለት የሕክምና ወረቀት ወይም ከሥራ የመሰናበቻ ደብዳቤ፣ የወር ገቢና ወጪ ዝርዝር፣ በመጨረሻም «በየወሩ ይህን ያህል ለመክፈል እችላለሁ» የሚል ቁርጥ ያለ አሳብ ይዞ መሄድ ነው። «እባካችሁ ታገሡኝ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ለሥራ አስኪያጁ የሚወስነው ነገር አይሰጠውም። ቁጥር ያለበት ማመልከቻ ግን የሚመረመር ጉዳይ ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ የመዝገብ ቤትን ሥርዓት ያውቃልና ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ አንደኛውን ገቢ አስደርጎ፣ በሁለተኛው ላይ ማኅተምና ቀን አስመትቶ መያዝ አለበት። በቃል የተገባ ተስፋ ሥራ አስኪያጁ ሲዛወር አብሮት ይዛወራል።

አድራሻም ትልቅ ነገር ነው። ቤቱን አከራይቶ በሌላ ሰፈር የሚኖር ሰው የባንኩ ደብዳቤ በውሉ ላይ ወደ ተጻፈው አድራሻ ሄዶ ተከራዩ እጅ ሊቀር ይችላል። አድራሻ ሲለወጥ፣ የስልክ ቁጥር ሲቀየር ለባንኩ በጽሑፍ ማስታወቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ባለመሥራቱ ግን ሠላሳው ቀን ባለቤቱ ሳይሰማ ሊያልቅ ይችላል።

የሒሳቡ ነገር

ባንኩ ሊሰጥ የሚችለው እርዳታ ብዙ ዓይነት ነው። የመክፈያውን ዘመን ማርዘም፣ ለተወሰኑ ወራት ወለዱን ብቻ ማስከፈል፣ ውዝፉን ከዋናው ዕዳ ጋር ደምሮ አዲስ የአከፋፈል ውል መዋዋል ይገኙበታል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ዋጋ እንዳላቸው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ማስላት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ሒሳብ እንሥራ።

አንድ ሰው 1,000,000 ብር በዓመት ከመቶ 15 ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል ብድር ወሰደ እንበል። የወር ክፍያው 13,996 ብር ያህል ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 12,500 ብሩ ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 1,496 ብር ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሳያጓድል ቢከፍል በጠቅላላው ወደ 839,800 ብር ያህል ይከፍላል፤ ቀሪው ዕዳ ግን ገና 867,500 ብር ያህል ነው። ብዙ ተበዳሪ ይህን ሲሰማ «ተታለልሁ» ይላል። መታለል የለበትም፤ የወለዱ ሥራ ይህ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈለው አብዛኛው ወለድ ነው።

በዚህ ጊዜ ችግር ቢደርስበትና ቀሪው 10 ዓመት ወደ 15 ዓመት ቢራዘምለት የወር ክፍያው ወደ 12,141 ብር ይወርዳል። በወር 1,855 ብር ቀለለት ማለት ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሲከፍል ካልተራዘመው ይልቅ ከ500,000 ብር የበለጠ ተጨማሪ ይከፍላል። እንግዲህ ማራዘም ችግሩ ትንሽ በሆነ ጊዜ፣ ጥቂት መተንፈሻ በሚያስፈልግ ጊዜ ይረዳል። የቤተ ሰቡ ገቢ በግማሽ የወረደ እንደሆነ ግን 1,855 ብር ቤቱን አያድነውም።

ይኸው ሰው መኪናውን ሸጦ ወይም ዕቁብ ደርሶት 200,000 ብር ባንድ ጊዜ ከዋናው ዕዳ ላይ ቢቀንስና የአሥር ዓመቱ ጊዜ ሳይለወጥ የወር ክፍያው እንደ ገና ቢሰላለት፣ ክፍያው ወደ 10,769 ብር ይወርዳል፤ በወር ከ3,200 ብር በላይ ይቀልለታል፤ ተጨማሪ ወለድም አይመጣበትም። ስለዚህ ችግር ሲመጣ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ጊዜ ይሰጡኛል?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ከቤቱ በፊት ልለቀው የምችለው ምን አለኝ?» የሚለውም ነው። መኪናው፣ ጌጡ፣ በስም ተይዞ ያለ ሌላ ንብረት ከቤቱ በፊት ይሄዳል።

አከራይቶ ማዳን፣ ሸጦ ማዳን

ሌላው መንገድ ቤቱን አከራይቶ ራስ ጠበብ ወዳለና ራቅ ወዳለ ቤት መዛወር ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ለሁለት ዓመት በኪራይ ቤት መኖር ግን ለዘላለም ቤት አልባ ከመሆን ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝዝ፣ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ለሁለት ዓመት የሚያዘልቀውን አሳብ አስቦ መግባት አለበት። ቤቱን ማከራየት የባንኩን ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነም ውሉን ማየት ይገባል።

ምንም መንገድ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ቤቱን በገዛ እጅ መሸጥ ከሐራጅ ይሻላል። በሐራጅ የሚገዛ ሰው ቤቱን ገብቶ እንደ ልቡ አይመረምርም፤ ነዋሪውም በፈቃዱ ይለቅልኝ አይለቅልኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያስባል። ባለቤቱ ግን ባንኩን አስፈቅዶ፣ ገዢውም ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ እንዲከፍል ተስማምቶ ቢሸጥ፣ ገበያ የሚያወጣውን ዋጋ ያገኛል፤ የተረፈውንም ይዞ ትንሽ ቤት ለመግዛት ይችል ይሆናል። ይህም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። ገዢ በሠላሳ ቀን ውስጥ አይገኝምና። በዕጣ የተገኘ የጋራ መኖሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ክልከላ ስላለበት፣ ባለ ዕጣው ይህን በር ክፍት አድርጎ መቁጠር የለበትም።

ሌላው አገር እንዴት አደረገ?

የቤት ዕዳ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደረሰው ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ እጅግ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን አጥተው ነበር። በዚያ ዘመን የቤት ብድር የሚሰጠው ለጥቂት ዓመታት ሆኖ በመጨረሻ ዋናው ገንዘብ ባንድ ጊዜ ይጠየቅ ነበርና ሥራ ያጣ ሰው መውጫ አልነበረውም። መንግሥቱ በ1933 (እ.ኤ.አ.) የቤት ባለቤቶችን ዕዳ ከባንኮች እየገዛ በረጅም ጊዜና በዝቅተኛ ወለድ የሚያስከፍል አንድ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤቶች አዲስ ውል ሰጠ። ከአምስቱ አንዱ ያህል ኋላም ቤቱን ከማጣት አልዳነም፤ አራቱ ግን ዳኑ። ድርጅቱም በ1951 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን ሲዘጋ ጥቂት ትርፍ አስገብቶ እንጂ ከስሮ አልነበረም። ታግሦ ማስከፈል አበዳሪውን እንደማያከስር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያሻ አይመስለንም።

በዚያው አገር ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ቀውስ በኋላ በወጣው ደንብ መሠረት፣ ከጥር 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክፍያው ከተቋረጠ 120 ቀን ሳያልፍ ቤቱን የማስሸጥ ሥርዓት በአብዛኛው ሊጀመር አይችልም። እነዚህ ቀኖች የተሰጡት ባለዕዳው ማመልከቻ እንዲያቀርብና ከአበዳሪው ጋር እንዲነጋገር ነው። መንግሥት የፈቀደላቸው አማካሪዎችም በነጻ ይረዱታል። በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ቢጽፍላቸው መልካም ነው፤ «ቤትህን አድንልሃለሁ፣ አስቀድመህ ክፈለኝ» ከሚሉ አታላዮች ይጠበቁ ዘንድ። የእኛ ሕግ የሰጠው 30 ቀን ነው። አጭር ነውና የጎደለውን ተበዳሪው ራሱ ቀድሞ በመሄድ ሊሞላው ይገባል።

ከእሳት ወደ ረመጥ

በጭንቀት ጊዜ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ የከፋው የባንክን ዕዳ በአራጣ መክፈል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ለሰው ሲያበድር የሚታሰበው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን በወንጀል ይቀጣል። አራጣ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፈውም፤ ከዋናው ገንዘብ ጋር ደምሮ ያስፈርማል፤ ወይም ብድሩን የቤት ሽያጭ አስመስሎ ያጽፋል። ከባንኩ ሠላሳ ቀን ያመለጠ ሰው በዚህ ውል ቤቱን ባንድ ፊርማ ያጣል። ባልታወቀ ሰው ወይም በደላላ ስም ቤት ለመሸጥ የሚያስችል ውክልና መስጠትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው የሌላውን ሰው ዕዳ በገዛ ቤት ማስያዝ ነው። በሐራጁ ማስታወቂያ ላይ የተበዳሪውና የአስያዡ ስም የሚለያይበት ጊዜ ብዙ ነው። ወንድም ሱቅ ሊከፍት፣ ልጅ ተሽከርካሪ ሊገዛ፣ ጓደኛ ዕቃ ከውጭ ሊያስመጣ ሲል የእናት ቤት ይያዛል። ንግዱ ሲከስር ከቤቷ የምትወጣው ግን ያልነገደችው ናት። «ፊርማ ብቻ ነው እማዬ» የሚለውን ቃል ብዙ እናቶች ሰምተዋል። ፊርማው ቤቱ ነው። አስያዥ የሆነ ሰው ተበዳሪው በየወሩ መክፈሉን ከባንኩ እየጠየቀ የማወቅ ልማድ ሊኖረው ይገባል፤ ከሐራጁ ማስታወቂያ ላይ ስሙን አይቶ መደንገጥ የለበትም።

ሦስተኛው ከትዳር ጓደኛ መደበቅ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ የሚሰጠው በሁለቱ ስምምነት እንደሆነ ይደነግጋል። አብረው የፈረሙትን ዕዳ አንዱ ብቻውን ሊሸከመው መሞከሩ ምን ይጠቅማል? ሚስት ነገሩን ብታውቅ ወርቋን ታወጣ ይሆናል፤ ወንድሟን ታማክር ይሆናል፤ ወጪውን ትቀንስ ይሆናል። ሳታውቅ የቀረች እንደሆነ ግን ወሬውን የምትሰማው ቤቱን ሊያይ ከመጣ ተጫራች አፍ ነው።

ገና ያልተበደረው

እስካሁን የተናገርነው ለተበደረው ነው። ገና ላልተበደረው ወጣት ደግሞ የሚነገረው ያጠረ ነው። የብድር ውል በፈረመ ቀን ሳይሆን ከመፈረሙ ከሳምንት በፊት ቅጂውን ወስዶ በቤቱ ያንብበው። ወለዱ በባንኩ ውሳኔ ሊለወጥ ይችል እንደሆነ፣ ክፍያ ሲዘገይ መቀጮው ስንት እንደሆነ፣ ዕዳን አስቀድሞ መክፈል ቅጣት ያመጣ እንደሆነ፣ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ለመሸጥ የሚያስችለው ቃል የት ላይ እንደ ተጻፈ ፈልጎ ያግኝ። ከዚያም ቤቱን ሳይገዛ ለስድስት ወር ያህል የወር ክፍያውን የሚያክል ገንዘብ በየወሩ በቁጠባ ያስቀምጥ። ስድስቱን ወር ሳይቸገር ያስቀመጠ ሰው ክፍያውን እንደሚችለው አወቀ፤ የተጠራቀመውም ገንዘብ የሕመምና የሥራ ማጣት ቀን ሲመጣ የስድስት ወር እፎይታ ይሆነዋል። ሦስተኛው ወር ላይ ያቃተው ሰው ደግሞ ቤት ሳያጣ እውነቱን ዐወቀ።

ባንኮችም ከዚህ የሚማሩት አለ። የብድሩን ውል ሲያስፈርሙ በሥራ ብዛት እየተቻኮሉ «እዚህ ፈርም፣ እዚህም ፈርም» ከማለት ይልቅ ያቺን የሐራጅ አንቀጽ በአማርኛ፣ በቀላል ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ቢያነቡለት ከሠላሳው ቀን ጭቅጭቅ ብዙውን ያስቀራሉ። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ሲጎድል ከዛቻ በፊት «ምን ደረሰብህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛ መመደብም ከሐራጅ ወጪ ይረክሳል።

ወጣት አንባቢዎቻችን በቅርቡ ከእናንተ ብዙዎቹ በባንክ፣ በፍርድ ቤት፣ በወረዳና በመዝገብ ቤት ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፤ አሁንም የተቀመጣችሁ አላችሁ። ደንግጦ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው በፊታችሁ ይቆማል። የሕጉን አንቀጽ መጥቀስ የምትችሉትን ያህል «ስንት ቀን ቀረህ?» ብላችሁ መጠየቅንም ልመዱ። በየቤታችሁም አባትና እናት በመሳቢያ ያስቀመጡት ደብዳቤ ያለ እንደሆነ ዛሬ እሑድ ነውና አውጥታችሁ አንብቡላቸው፤ ቀኑን ቁጠሩላቸው፤ ነገ ሰኞ ጧት ባንኩ ሲከፈት አብራችኋቸው ሂዱ።